እናት ኪሎና አራት መቶ ሃምሳ ስድስት ጣሳ

ከእጁ መርፌ ጠፍቶ የማያውቅ ሰው የለም የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የሸማቾች ጥበቃና ንግድ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አያውቁትም ማለት ነው።

የሥራ ባልደረቦቹ «ቁልፉ» ይሉታል። ሠላሳ አንድ ቁልፍ በወገቡ አንጠልጥሎ ስለሚሄድ ከራሱ ቀድሞ ድምፁ ይደርሳል፤ ጠረጴዛቸው ላይ የሚያንቀላፉ ጸሐፊዎችም በዚህ ምክንያት አጥብቀው ይወዱታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ ግምጃ ቤት አንዲት ስቴፕለር እንኳ እግር አውጥታ አልሄደችም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ የሚያሾፉበት ነበሩ። እሱ አልበላም፤ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረውም አልቆጨውም።

የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በእጁ ምንም ጉድለት አልተገኘም» የምትል ክሊራንስ። ያለ ክሊራንስ ጡረታ የለም፤ ይሄን ማንም ያውቃል። ለቁልፉ ግን ከጡረታው ይልቅ የምታጓጓው ዓረፍተ ነገሯ ነበረች። ግድግዳው ላይ የምትሰቀልበትን ፍሬም ገና ድሮ አሠርቶ፣ ባዶውን ሳሎን ውስጥ ሰቅሎታል፤ ሚስቱም አቧራውን እየጠረገች ትጠብቃት ነበር።

ክሊራንሷ የምትሰጠው የዓመቱ ኦዲት ሲዘጋ ነው። ኦዲተሯ ሰኞ ጠዋት መጣች። ወጣት ናት፤ እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ትሰካለች፤ ጫማዋ ድምፅ የለውም። ሁለቱ በኮሪደሩ ጎን ለጎን ሲሄዱ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ገንዘብ ቤቱን በአንድ ቀን ጨረሰች፤ ነዳጁን፣ የውሎ አበሉን፣ የወረቀት ግዢውን አገላብጣ ማክሰኞ ከሰዓት ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመች። በእጇ አንድ የወጪ መዝገብ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ይሄ የነሐስ መወልወያ ቅባት ምንድን ነው?»

«የነሐስ መወልወያ ቅባት ነዋ፣ ልጄ።»

«በወር ሁለት ጣሳ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አራት መቶ ሃምሳ ስድስት ጣሳ ወጪ ሆኗል።»

«ልክ ነሽ። አንድም ወር አልተዘለለም።»

«በዚህ ቅባት የከተማውን የበር እጀታ በሙሉ መወልወል ይቻላል። እኔ ግን በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያየሁት ነሐስ አንድ ነው።» እርሳሷን ከጸጉሯ መዝዛ ወደ መስታወት ሳጥኑ ጠቆመች።

ሳጥኑ ውስጥ ያለችው እናት ኪሎ ናት። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሁሉ ከሷ ይወለዳል ብንል አላጋነንም። ተቆጣጣሪዎቹ ገበያ ይዘዋቸው የሚወጡት ኪሎዎች በየሦስት ወሩ ከሷ ጋር በባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ይመዘናሉ፤ ከበለጡ ይሞረዳሉ፣ ካነሱ ይጣላሉ። የነጋዴዎቹ ኪሎ ደግሞ ከተቆጣጣሪዎቹ ኪሎ ጋር ይተያያል። ያልተመሳሰለ ይቀጣል። ዋናው ዳይሬክተር ከበሩ በላይ «ሙሉ ኪሎ ለሙሉ ሸማች» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አሰቅሏል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም መጀመሪያ የሚያሳየው እናት ኪሎን ነው። እንግዶቹ ፊታቸውን አይተውባት፣ ክራባታቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ። በዓመታዊው ቆጠራ መዝገብ ላይ «ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ሥር አሥራ ዘጠኝ ጊዜ «በጣም ጥሩ፣ የሚያብረቀርቅ» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ የቁልፉ ነው።

ኦዲተሯ ምን እያለችው እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ቅባት ሰርቀሃል እያለችው ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ ፍሬሙ ተሰቅሎ እየጠበቀ፣ ቅባት።

«ነይ ተከተይኝ» አለና ከቁልፎቹ መሀል ሃያ ሰባተኛውን መረጠ።

የኋላውን ክፍል ከፈተላት። ከወለል እስከ ጣሪያ ባዶ ጣሳ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ጣሳ ወገቡ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ የተከፈተበት ቀን፣ ያለቀበት ቀን፣ ፊርማ። ባዶ ጣሳም የመንግሥት ንብረት ነው፤ አስወግድ የሚል ደብዳቤ ካልመጣ አይጣልም። ደብዳቤው ደግሞ አልመጣም። ኦዲተሯ ቆጠረች። ቁልፉ መሰላል ያዘላት። አራት መቶ ሃምሳ ስድስት።

እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። በጣሳዎቹ ብዛት ተደንቃ ይቅርታ ጠይቃው ልትሄድ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ግን የተጠረጠረ ሐቀኛ ልክ አያውቅም። መሳቢያውን ከፍቶ የውልወላ መዝገቡን አወጣ። ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ዓርብ፣ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ፊርማ።

«ታምሜ እንኳ ቀርቼ አላውቅም» አላት። «ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ሳጥኑን እከፍታለሁ። መጀመሪያ ያለቀ ብርጭቆ ወረቀት አሳርፍባታለሁ፤ በጣም ቀስ ብዬ፣ የጣት አሻራው እንዲለቅ። ከዚያ ቅባት። ከዚያ በዚህች ጨርቅ እሷ ፊቴን እስክታሳየኝ ድረስ።» ከደረት ኪሱ አጣጥፎ የሚይዛትን ጨርቅ አወጣ። ዘርግቶም አሳያት፤ ጥቁር ናት።

ኦዲተሯ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ቆሻሻ ነዋ።»

«ኪሎዋ ከዓርብ እስከ ዓርብ የት ነው የምትቀመጠው?»

«እዚሁ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ተቆልፋ። ቁልፉ ከኔ ጋር ነው።»

«ታዲያ ቆሻሻው ከየት ይመጣል?»

ቁልፉ ጨርቁን አየ። ከዚያ ኪሎዋን አየ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚሉት ተረት ለዚህ ሰው የተተረተ ይመስላል። አንዲት ጣሳ ቅባት አልሰረቅኩም ብሎ ለማስረዳት፣ አራት መቶ ሃምሳ ስድስቱንም ጣሳ ምን ላይ እንዳዋለ በፊርማ አረጋግጦ አስረከበ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በየዓርቡ በብርጭቆ ወረቀት የሚታሽ ኪሎ ግን እያደር ይቀላል።

ኦዲተሯ ጨርቁን መለሰችለት። ወጥታ በተመለሰች ጊዜ አምስት እሽግ ጨው ይዛ ነበር፤ ከሦስት ፋብሪካ የወጣ፣ እያንዳንዱ አንድ ኪሎ። ባለ ሁለት ሳህኑን ሚዛን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እናት ኪሎን በአንዱ በኩል፣ ጨውን በሌላው በኩል አደረገች። ጨዉ ዝቅ አለ። ሁለተኛውን ሞከረች፤ ዝቅ አለ። አምስቱም ዝቅ አሉ። እናት ኪሎ በየተራው ወደ ላይ ተነሥታ ታብረቀርቅ ነበር።

ዳይሬክተሩ ተጠራ። መጥቶ አየ። ብዙም አልደነገጠም፤ ዳይሬክተር የሆነው በዚህ ጠባዩ ነው።

«ፋብሪካዎቹ ለጋሶች ናቸው» አለ።

«ሦስቱም?»

«ውድድር አለባቸው። አብዝተው ነው የሚያሽጉት።»

«እንግዲያው ልንቀጣቸው ነው» አለችና ከቦርሳዋ አንድ እስር ወረቀት አወጣች። «ይሄ የአምስት ዓመት የቅጣት ደረሰኝ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነጋዴ ተቀጥቷል። መቶ ሠላሳ ዘጠኙ የተቀጡት ኪሏችሁ ከበደ ተብለው ነው። ሰኞ ከመጣሁ ጀምሮ ሊገባኝ ያልቻለው ይሄ ነበር። ለደንበኛው አብዝቶ የሚሸጥ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ነጋዴ በአንድ ከተማ ካለ፣ ነጋዴ ሳይሆን ጻድቅ ነው የሞላው።»

«ደንቡ ልዩነት ነው የሚለው። የበዛም ልዩነት ነው፣ ያነሰም ልዩነት ነው።»

«ከምን የተለየ?»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ።

ነገሩ ያን ቀን በዚህ ተንጠለጠለ። እናት ኪሎን ወደ መለኪያ ተቋም መላክ ይቻላል፤ ቀጠሮው ግን ሦስት ወር ነው። ኦዲቱ ዓርብ ይዘጋል። ጨው ደግሞ ጨው ነው፤ የኪሎ ምስክር አድርጎ ሪፖርት ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

«በዚህ ከተማ ያልተሞረደ አንድ ኪሎ አይኖርም?» አለች ኦዲተሯ፣ ለራሷ ያህል። «ከድሮ የነበረ?»

ዳይሬክተሩ ነጋዴው ሁሉ ቅጣት ፈርቶ ኪሎውን ከተቆጣጣሪዎቹ ኪሎ ጋር እንዳስተካከለ በኩራት ነገራት። ቁልፉ አንድ ያልተሞረደ ኪሎ የት እንዳለ ያውቃል። ዝም አለ። ዝም በማለቱ አፈረ፤ ግን ዝም አለ።

ኪሎው ያለው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ሱቅ ውስጥ ነው። ወንድም ጋሼ ሚስማር ነጋዴ ነው። ኪሎውም ከአባቱ የወረሰው ጥቁር ብረት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ኪሎህ ከበደ ተብሎ ተቀጣ። እንዲሞርድ ተነገረው፤ አልሞርድም አለ። እንደገና ተቀጣ። አሁንም አልሞርድም አለ። በሦስተኛው ሱቁ ለአንድ ወር ታሸገ። ያን ሰሞን እህቱ ቤት ምሳ ላይ ቁጭ ብሎ «የአባቴ ኪሎ አይዋሽም» ሲል፣ ቁልፉ ማንኪያውን አስቀምጦ እንዲህ አለው፦ «መሥሪያ ቤታችን አይሳሳትም። የጎደለው ያንተ ኅሊና ነው።» ወንድም ጋሼ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ እግሩ እዚያ ቤት አልደረሰም፤ ቁልፉም ሱቁ በር ላይ ቆሞ አያውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ዳይሬክተሩ ቁልፉን ቢሮው አስጠርቶ ሻይ አዘዘለት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳይሬክተር ሻይ ሲያዝለት የመጀመሪያው ነው፤ ስኳሩም ሁለት ማንኪያ ነበር።

«ጋሽ ቁልፉ፣ እርስዎ የዚህ ቤት ምሰሶ ነዎት» አለው። «እናት ኪሎ ድንገት ጎድላ ብትገኝ፣ እርስዎ ሲረከቧት ምን እንደነበረች ማን ያውቃል? ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ አርፈዋል። ‹ስረከብም እንዲሁ ነበረች› ብለው አንድ መስመር ቢፈርሙ፣ ጉድለቱ በእርስዎ አይጻፍም። ክሊራንስዎ ዛሬውኑ ይወጣል።»

ወረቀቱ ተተይቦ አልቋል። የጎደለው ፊርማው ብቻ ነው። ሟች አይከራከርም፤ ዳይሬክተሩ ይሄን በደንብ አስቦበታል።

ቁልፉ ሻዩን ጠጣ። እውነቱን እንናገርና፣ ሊፈርም ፈልጎ ነበር። እስክሪብቶውን አንሥቶ ነበር። ያቆመው እግዜርም አይደል፣ ሕግም አይደል፤ የድሮው ኃላፊ ሲያስረክቡት መርፌዋን ሁሉ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ሦስት ቀን የፈጀባቸው ትዝ ብሎት ነው። «አስቤበት ልምጣ» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ፣ ከጨርቁ ጎን ከተተው።

ምሳ ሰዓት ቤቱ ሄዶ ሁሉንም ለሚስቱ ነገራት። ጣሳውን፣ ጨዉን፣ ወረቀቱን። እሷ ሳህን እያቀራረበች ሰማችው። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና እጥፋቱን ጠብቃ መለሰችለት።

«ልፈርም ካልክ ፈርም» አለችው። «ጡረታህን በልተን እንኖራለን። እኔ የምልህ አንድ ነገር ብቻ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ‹ባሌ ልክ ነው› እያልኩት ነው የተመለስኩት። ልክ ካልሆንክ ደግሞ እኔን አትላከኝ። ራስህ ሂድ።»

ቁልፉ ምሳውን በላ። ምን እንደበላ አያውቅም። ከዚያ ተነሥቶ ባዶውን ፍሬም ትንሽ ቆሞ አየው፤ ጠመም ብሏልና አቃናው። ወጣም።

የሚስማር ሱቋ ጠባብ ናት። ሚስማሩ በየቁጥሩ በእንጨት ሳጥን ተሞልቶ በሁለቱ ግድግዳ ሥር ተደርድሯል፤ መሀል ላይ አንድ ሰው በጎኑ ያልፋል። ሚዛኑ ከጣሪያው በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ጥቁሯ ኪሎ ተቀምጣለች። ጥግ ላይ አንድ በርጩማ አለ፣ አቧራ የለበሰ። ወንድም ጋሼ ለአንድ አናጢ ሲመዝን ነበር። የቁልፎቹን ድምፅ ሰምቷል፤ ቀና ግን አላለም። አናጢው ከፍሎ እስኪወጣ ቁልፉ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ምን ፈለግክ?»

«ኪሎህን ነው የፈለግኩት፣ ወንድም ጋሼ።»

«ልታሽጋት ነው?»

«ልዋሳት።»

ከዚያ ነገረው። አላሳጠረም፣ ራሱንም አልማረም። ወንድም ጋሼ መሬት የወደቁ ሚስማሮችን እየለቀመ፣ አንዱን ወደ አራት ቁጥር አንዱን ወደ ስድስት ቁጥር ሳጥን እየወረወረ ሰማው። ሲጨርስ የቀሩትን ሚስማሮች ለቀመ።

«አራት ዓመት ስንት ዓርብ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሁለት መቶ ስምንት።»

«በቁጥር እንኳ አትታማም።» አንድ ሚስማር አቃንቶ ሳጥኑ ውስጥ ጣለ። «ታዲያ አሁን የጎደለው የማን ኅሊና ነው?»

ቁልፉ አሰበበት። ዝም ብሎ «የኔ» ማለት ይቀል ነበር፤ ግን ልክ አልመሰለውም።

«የኔ ሙሉ ነበር» አለ። «በሙሉ ኅሊና ነው የተሳሳትኩት። ያንተን ጎደለ ማለቴን ግን ባልኩት ዕለትም ልክ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ወንድም ጋሼ ይቅር ብያለሁም አላለ፣ አላልኩምም አላለ። «ኪሎዋ ከእጄ አትወጣም» አለ። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እኔው ይዣት እመጣለሁ። በር ላይ እንዳያቆሙኝ ንገራቸው።» ግባም፣ ተቀመጥም አላለውም። ቁልፉ ከደጃፉ ተመለሰ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ወንድም ጋሼ ጥቁሯን ኪሎ በዘንቢል ይዞ መጣ። ከበሩ በላይ ያለውን ሰሌዳ ቀና ብሎ አነበበ፤ ሁለት ጊዜ አነበበው። ኦዲተሯ፣ ዳይሬክተሩ፣ ሁለት ተቆጣጣሪዎችና ሥራ ያልነበራቸው ጸሐፊዎች ሁሉ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥራ ያልነበራቸው ብዙ ነበሩ።

መጀመሪያ ጥቁሯ ኪሎ ከአምስቱ ጨዎች ጋር ተመዘነች። ከላስቲካቸው ክብደት በቀር አምስቱም ከሷ ጋር ልክ መጡ። ከዚያ እናት ኪሎ ወጣች። ቁልፉ በገዛ እጁ ሳጥኑን ከፍቶ፣ በገዛ እጁ ሳህኑ ላይ አስቀመጣት። ጥቁሯ ዝቅ አለች፤ የምታብረቀርቀው ወደ ላይ ተነሣች። ጸሐፊዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኦዲተሯ ትንንሾቹን የግራም መመዘኛዎች አስመጣች፤ ለጣት ስለማይመቹ ቁልፉ ወልውሏቸው አያውቅም ነበር። ሃያ ግራም ጨመረች፤ አልበቃም። ሁለት ጨመረች። ሳህኖቹ ተካከሉ።

«ሃያ ሁለት ግራም» አለች።

ወንድም ጋሼ አንዴ ሚዛኑን፣ አንዴ ዳይሬክተሩን አየ። «አራት ዓመት» አለ።

«የዕድሜ ነገር ነው» አለ ዳይሬክተሩ ፈጥኖ። «ብረትም ያረጃል። ጋሽ ቁልፉ ፈርመውበታል፤ ሲረከቧትም እንዲሁ ነበረች።»

ሁሉም ወደ ቁልፉ ዞሩ። ወረቀቱ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው። ሊያወጣው እጁን ሲሰድ መጀመሪያ የመጣችለት ጨርቋ ነበረች፤ መልሶ ከተታትና ወረቀቱን አወጣ። ያልተፈረመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቁልፎቹ ጸጥ ብለው ነበር።

«ስረከባት ሙሉ ነበረች» አለ። «አላረጀችም። እኔ ነኝ የበላኋት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልበላሁም ስል ኖሬ፣ ለካ ዓርብ ዓርብ ነው የምበላው። ልጄ፣ በእኔ ስም ጻፊው።»

ኦዲተሯ ጻፈች። እርሳሷን ሳይሆን እስክሪብቶ ነበር የያዘችው።

የመንግሥት ንብረት ያጎደለ ዋጋውን ይከፍላል፤ ሕጉ ይሄ ነው። የግዢ ክፍሉ ለሃያ ሁለት ግራም ነሐስ ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ማቅረቢያ ሰበሰበ፤ ለዚህም አንድ መኪና፣ አንድ ሹፌርና ግማሽ ቀን ወጣ። ዝቅተኛው ዋጋ ከአንድ ክብሪት ዋጋ የሚያንስ ሆኖ ተገኘ። ቁልፉ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ከፈለ፤ ደረሰኝም ተቀበለ። ዳይሬክተሩ በበኩሉ በሪፖርቱ ላይ አሥራ አንድ ገጽ ተጻፈበት። መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ነጋዴዎች ቅጣታቸው እንዲመለስ ታዘዘ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ጊዜ ወደ መለኪያ ተቋም ያልተላከችው እናት ኪሎ ለምን እንዳልተላከችም ተጠየቀ። ዳይሬክተሩ ታብረቀርቅ ስለነበር አልተጠረጠረችም ብሎ በጽሑፍ መለሰ። ሰሌዳው «ለዕድሳት» ተብሎ ወረደ።

ክሊራንሷ ወጣች። «ከሃያ ሁለት ግራም ነሐስ በቀር በእጁ ምንም ጉድለት አልተገኘም፤ እሱንም ከፍሏል» ትላለች። ቁልፉ ሲያነባት ከፋው፤ በእውነት ከፋው። ሃያ ሁለት ግራሙን በዓይኑ ዘሎ ለማንበብ ሞከረ፣ አልሆነም። ሚስቱ ግን ተቀብላ ፍሬሙ ውስጥ ከተተችውና ራቅ ብላ አየችው። «ያለ ሃያ ሁለት ግራሙ ብትወጣ ኖሮ ማንም አያምናትም ነበር» አለች።

የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ዓርብ ዋለ። አዲስ እናት ኪሎ ተመርምራ እስክትመጣ ድረስ የሚስማር ነጋዴው ኪሎ በውሰት እንድታገለግል ኦዲተሯ በሪፖርቷ ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ ወንድም ጋሼም የሚያስረክበው ለሚያውቀው ሰው ብቻ እንደሆነ መልእክት ልኮ ነበር። ስለዚህ ቁልፉ የንብረት መረከቢያ ቅጹን ይዞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልክ በውልወላ ሰዓቱ፣ ሱቋ ደጃፍ ደረሰ። ወገቡ ላይ ቁልፍ የለም፤ ጠዋት ለተተኪው አስረክቧል። ወንድም ጋሼ ድምፅ ስላልሰማ ድንገት ቀና ሲል አየው።

ቁልፉ ቅጹን ሚስማር ሳጥን ላይ አድርጎ ሞላ። የዕቃው ዓይነት፣ ኪሎ። ብዛት፣ አንድ። «ሁኔታ» የምትለው ዓምድ ላይ ሲደርስ እጁ በልማድ «በጣም ጥሩ» ብሎ ሊጀምር ነበር፤ አቆመው። ጥቁሯን ኪሎ አነሣት። ሻካራ ናት፤ አንዱ ጎኗ ትንሽ ዝጓል፤ ታችዋ ላይ የአንድ የሞተ ሰው አውራ ጣት ለዓመታት ያረፈባት ቦታ አለ። «ጥቁር፣ የዛገች፣ ሙሉ» ብሎ ጻፈ።

ወንድም ጋሼ ቅጹን ወስዶ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ፈረመ። ኪሎዋን ግን ገና አልለቀቀም፤ ሌላኛውን እጁን ዘረጋ።

«መጀመሪያ ጨርቋን።»

«የቷን ጨርቅ?»

«የቷን እንደሆነ ታውቃለህ። ዛሬ ዓርብ ነው።»

ቁልፉ ከደረት ኪሱ ጨርቋን አውጥቶ ሰጠው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኦዲተሯ ሁለት ጣት በቀር ከዚያ ኪስ ወጥታ ሌላ ሰው እጅ ገብታ አታውቅም፤ ልቡን ትንሽ ቅር አለው። ወንድም ጋሼ ጥቁሯን ጨርቅ ገለበጣት፣ አራገፋት። ከዚያ ወደ ጥጉ ሄዶ የበርጩማውን አቧራ ጠረገባትና «ተቀመጥ» አለው።